ቀይ የለበሰው ፓስወርድ

[የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል። ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ስክሪን፣ ሻይ የፈሰሰበት ኪቦርድ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሳያቋርጥ የሚያንቋርር ፕሪንተር። ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር አዋቂ። አዋቂ ያልኩት እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም። አናቴ ላይ የቆመው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። ወደ ልጄ ትምህርት ቤት በመኪናው ሊያደርሰኝ መጥቶ እስካሁን አልተንቀሳቀስንም።]

እኔ፦ የለም አልኩህ!

አማቼ፦ አለ እንጂ ጋሼ።

እኔ፦ የለም! በቃ የለም!

አማቼ፦ ኧረ ይኸው! «ፓስወርድ» ይላል። በቀይ ተጽፎ፣ እንደኔ ሱቅ ታፔላ ደምቆ!

እኔ፦ ጣትህን አንሳ፣ ስክሪኑን ቅባት በቅባት አደረግከው። ላንተ አለ። ለስክሪፕቱ ግን የለም።

አማቼ፦ ስክሪፕቱ ማን ነው?

እኔ፦ ሰው አይደለም። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲጠይቅ በኔ ፈንታ ተቀምጦ የሚመልስ።

አማቼ፦ [ዙሪያውን እያየ] የት ነው የተቀመጠው?

እኔ፦ ተወው። ተቀመጠ ያልኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ስማኝ፤ በዚህ ሕንፃ በየፎቁ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉ አሮጌ ሳጥኖች አሉ። የሁሉም ፓስወርድ ዛሬ ይቀየር ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ «ሳይቀየር ማንም ንቅንቅ እንዳይል» አለ። ማንም ማለት እኔ ነኝ።

አማቼ፦ ታዲያ ቀይረውና እንሂዳ።

እኔ፦ በእጅ? እያንዳንዱ ሳጥን «ማን ነህ?» ይላል፣ ትመልሳለህ። «ፓስወርድ?» ይላል፣ ትመልሳለህ። «አዲሱስ?» ይላል። «እስቲ ድገመው» ይላል። «እርግጠኛ ነህ?» ይላል።

አማቼ፦ ሳጥን ነው ፖሊስ ጣቢያ?

እኔ፦ በእጅ ከሠራሁት እስኪመሽ እዚሁ ነኝ። ስክሪፕቱን ግን «ይህን ቃል ጠብቅ፣ ስታየው ይህን መልስ» እለዋለሁ። እኔ ልጄን ሄጄ አያለሁ፣ እሱ እዚህ የጥያቄውን መዓት ይችለዋል።

አማቼ፦ ዛሬ ደግሞ ካልሄድክ...

እኔ፦ አውቃለሁ!

አማቼ፦ ጠዋት ሳደርሳት ምን አለችኝ መሰለህ? «አባዬ እጁን ካወዛወዘልኝ አልፈራም። ካላወዛወዘልኝ ግን አንድ ቃል አይወጣኝም» አለች።

እኔ፦ ለኔም ብላኛለች። መድረክ ላይ ትወጣለች፣ ትፈልገኛለች፣ እጄን አወዛውዝላታለሁ፣ ከዚያ ትናገራለች። ውላችን ይኸው ነው። ባለፈው አልደረስኩም፤ በሩን በሩን ስታይ ቆይታ አልቅሳ ወረደች። እናቷ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ከግድግዳው ጋር ነበር የምታወራው። ዛሬ ብሞትም እሄዳለሁ።

አማቼ፦ ሚጣ ቴአትሩ ላይ ጨረቃ ነው የምትሆነው አይደል?

እኔ፦ ጨረቃ። ነጭ ቀሚስ፣ ፀጉሯ ሁለት ጉንጉን። አሁን አታስወራኝ፣ ልሥራበት።

[አማቼ እንደገና ጣቱን ወደ ስክሪኑ ይሰዳል።]

አማቼ፦ ግን ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ አለ።

እኔ፦ ኧረ በፈጠረህ! ነገሩ ምን መሰለህ፤ ማሽኑ የሚልከው ቃሉን ብቻ አይደለም። ከቃሉ ፊት አንዲት የማትታይ ምልክት ይልካል። ኤስኬፕ ትባላለች። ከሷ ቀጥሎ ቅንፍ፣ ከቅንፉ ቀጥሎ ሠላሳ አንድ፣ ከዚያ ኤም የምትባል ፊደል። ይህ ሁሉ ተደምሮ «ከዚህ በኋላ ያለውን በቀይ ጻፍ» ማለት ነው።

አማቼ፦ ይሄ ሁሉ ለቀይ?

እኔ፦ ለቀይ። ከቃሉ በኋላ ደግሞ ሌላ ኤስኬፕ፣ ቅንፍ፣ ዜሮ፣ ኤም። «በቃ፣ ቀዩን አቁም» ማለት ነው።

አማቼ፦ እኔ አላየሁማ።

እኔ፦ አታይም! ስክሪኑ ትዕዛዙን ዋጥ አድርጎ ቀለሙን ብቻ ያሳይሃል። ስክሪፕቱ ግን ዓይን የለውም፤ የመጣለትን ሁሉ እንዳለ ነው የሚያነበው። እኔ «ፓስወርድ ብሎ የሚጀምር መስመር ጠብቅ» ብዬዋለሁ። የሚመጣለት ግን በኤስኬፕ የሚጀምር ነው። ስለዚህ «ይሄ እሱ አይደለም» ብሎ ቁጭ ይላል።

አማቼ፦ ማሽኑስ?

እኔ፦ ማሽኑም መልስ እየጠበቀ ቁጭ ይላል።

አማቼ፦ ሁለቱም?

እኔ፦ ሁለቱም ዝም።

አማቼ፦ ተኳርፈዋል በለኛ! አንደኛው ቀድሞ ቢናገር ምን ይቀርበታል?

እኔ፦ ያ ማሽን ምን አጠፋ? ይሄኛው ነው ደንቆሮው! አጠገቡ የቆመውን ቃል ቀይ ስለለበሰ ብቻ አላወቀውም! ሰው እንኳ ልብስ ቢቀይር የሚያውቀው ይጠፋል? እንዲህ ያለ ገልቱ አይቼ አላውቅም!

አማቼ፦ ማን ነበር የጻፈው?

እኔ፦ [ጉሮሮዬን ጠርጌ] ይሄ ክፍል ሙቀት አለው አይደል? መስኮቱን ክፈተው እስቲ።

አማቼ፦ [መስኮቱን እየከፈተ] እኔ አልፈርድበትም። አንድ ደንበኛዬን ዕድሜ ልኩን ያሳደገውን ፂም ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። ግቢው ሲገባ የገዛ ውሻው እስከ ዋናው መንገድ አባረረው።

እኔ፦ ውሻ ነዋ! የሰው ልጅ ግን ያስተውላል።

አማቼ፦ ታዲያ ለምን አትላጨውም?

እኔ፦ ማንን?

አማቼ፦ ያንን ኤስኬፕ ምናምን። ከፊትም ከኋላም ላጨውና ቃሉ ብቻ ይቅር።

እኔ፦ [ለራሴ የመጣልኝ ሐሳብ አስመስዬ] ልልህ የነበረው እሱን ነው። ቀደምከኝ እንጂ። [እየጻፍኩ] «ከኤስኬፕ ጀምሮ እስከ ኤም ድረስ ያለውን ሁሉ ጣል።» አለቀ ደቀቀ! ቁልፍህን ያዝ፣ ልንወጣ ነው። ይኸው አስነሳሁት።

[ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ እንጠጋለን። ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ነው።]

አማቼ፦ ምን አለ?

እኔ፦ ምንም አላለም።

አማቼ፦ ምንም?

እኔ፦ ባዶ ነው።

አማቼ፦ ቀለሙ ሄደ?

እኔ፦ ሄደ።

አማቼ፦ ቃሉስ?

እኔ፦ ...እሱም አብሮት ሄደ።

አማቼ፦ ወዴት?

እኔ፦ ሁለት ኤም ነው ያለው! አንዱ ከቃሉ በፊት፣ አንዱ ከቃሉ በኋላ። «እስከ ኤም ድረስ» ስለው የመጀመሪያዋን አልፎ እስከ መጨረሻዋ ነጎደ። ቃሉ ደግሞ መሃል ላይ ነበር።

አማቼ፦ አይዞህ ጋሼ። እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ፂም ከርክም ተብዬ ቅንድብ ላጭቻለሁ።

እኔ፦ ይሄ ከቅንድብ ጋር አይገናኝም። ይሄ ጥልቅ የሙያ ጉዳይ ነው።

አማቼ፦ ባለ ቅንድቡም እንደዚያው ነው ያለው። «ሙያ የለህም» ብሎ ነው የወጣው።

[ስልኬ ይጮሃል። እጄ ኪቦርዱ ላይ ስለሆነ እሱ ያነሳዋል።]

አማቼ፦ እህቴ ናት። ሃሎ... አለ፣ አጠገቤ ነው... አይ ደህና ነው፣ ከማሽን ጋር ተኳርፎ ነው... እ? ... ኧረ? ... እሺ፣ አሁኑኑ እነግረዋለሁ። ጋሼ፣ ሚጣን ቀለም...

እኔ፦ ስለ ቀለም አንድ ነገር ብትለኝ እጮሃለሁ!

አማቼ፦ አይ፣ ፊቷን አረንጓዴ...

እኔ፦ አረንጓዴ ሠላሳ ሁለት ነው! ቀይ ሠላሳ አንድ፣ ቢጫ ሠላሳ ሦስት! አውቃለሁ! በቃልህ በል ካልከኝ እስከ ሰማያዊ ድረስ እወርድልሃለሁ!

አማቼ፦ እኔ የምልህ እኮ የልጅቷን...

እኔ፦ መንገድ ላይ ነኝ በላት! ወጥቻለሁ በላት!

አማቼ፦ [ለስልኩ] መንገድ ላይ ነን... አዎ... ይሄ ድምፅ? ፕሪንተር ነው... መኪናው ውስጥ ነዋ... አዎ፣ መኪናው ፕሪንተር አለው... ነግሬዋለሁ። አረንጓዴ ሠላሳ ሁለት ነው ይልሻል... ሃሎ? [ስልኩን እያየ] ዘጋችው።

እኔ፦ መኪናው ፕሪንተር አለው ነው ያልካት?

አማቼ፦ አንተ መንገድ ላይ ነኝ በላት ስትለኝ ምን ልበላት? ውሸቱን የጀመርከው አንተ፣ የጨረስኩት እኔ።

እኔ፦ እሺ፣ በቃ! ልመና ቀረ። አሁን ምን እንደማደርግ ተመልከት። «የምን ቃል ነው፣ የምን ቀለም ነው፣ አትመርምር። ማሽኑ ትንፍሽ ባለ ቁጥር ቀጣዩን መልስ ስጥ።»

አማቼ፦ ሳይሰማ?

እኔ፦ ሳይሰማ። መስማት ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄዎቹ ተራቸው ይታወቃል።

አማቼ፦ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ፀጉሩን ስቆርጠው ሚስቱ ትደውላለች። እሱ ሳይሰማ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ ልክ ነሽ የኔ ቆንጆ» ነው። አንድ ቀን ለካ የደወለው አለቃው ነው።

እኔ፦ እና?

አማቼ፦ አሁን ጠዋት ጠዋትም ይመጣል። ሥራ የለውማ።

እኔ፦ ያንተ ደንበኞች ሁሉ ችግር አለባቸው። ይኸው፣ አስነሳሁት!

[ስክሪኑ በፊደል ይጥለቀለቃል። አማቼ ተጠግቶ ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ መቀስና ማድረቂያ ሲንጫጫ ለመሰማት የተገራ ድምፅ ነው፤ በተከፈተው መስኮት ወጥቶ ግቢውን ያዳርሳል።]

አማቼ፦ «እንኳን ደህና መጡ።» ይሄ ጥሩ ነው። «ማን ነህ?» እሺ... «ከኔበላይላሳር።» [ወደኔ ዞሮ] ጋሼ?

እኔ፦ ቀስ በል! ፓስወርዱ ነው!

አማቼ፦ ማን ነህ ሲለው እኮ ነው እንዲህ ያለው! ከኔ በላይ ላሳር!

እኔ፦ አትድገመው! ማሽኑ ገና ሰላም ሲል ስሜን ሰጠው። ስሜን ሲጠይቀው ደግሞ ፓስወርዴን ሰጠው። በስም ቦታ የተጻፈ ነገር አይደበቅም፣ ስለዚህ እንዲህ ተሰጣ።

አማቼ፦ ይሄን ፓስወርድ የመረጠው ማን ነው?

እኔ፦ ...ኮሚቴ ነው።

አማቼ፦ ኮሚቴው ውስጥ ስንት ሰው ነበር?

እኔ፦ መስኮቱን ዝጋው! ሙቀት ይሻላል።

አማቼ፦ [እየዘጋ] ታች ያለው ዘበኛ ወደዚህ እያየ ይስቃል። ሰላም በል፣ እጁን አንስቶልሃል።

እኔ፦ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! [ወደ ስክሪኑ ዞሬ] አሁን ደግሞ ምንድን ነው የሚለው?

አማቼ፦ «ብዙ ጊዜ ተሳስተሃል። ጥቂት ጠብቅ» ይላል። ልክ ነው እንዴ?

እኔ፦ ልክ ነው።

[ኪቦርዱን ገፍቼ ፊቴን በሁለት እጄ እሸፍናለሁ። አማቼ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት በልማድ ኮሌታዬን ያስተካክላል።]

እኔ፦ አልደርስም። አየህ፣ አሁን ተሰልፈው ይሆናል። ልጄ መጋረጃ ስር አንገቷን አስግጋ እየፈለገችኝ ይሆናል። እኔ እዚህ ከሳጥን ጋር እሟገታለሁ። ምን ዓይነት አባት ነኝ እኔ?

አማቼ፦ እንዲህ አትበል። እንሂድና ለሥራ አስኪያጁ ነገ...

እኔ፦ እሱ ነገ የሚባል ነገር አያውቅም። ቆይ። ቆይ ቆይ ቆይ።

አማቼ፦ ምነው?

እኔ፦ በኤስኬፑና በኤሟ መሃል ያለው ምንድን ነው?

አማቼ፦ እኔን ነው የምትጠይቀኝ?

እኔ፦ ራሴን ነው! ቁጥር ነው! ቅንፍና ቁጥር ብቻ! «በመሃሉ ቁጥር ብቻ ካለ ጣል። ሌላ ፊደል ካየህ ግን እጅህን አንሳ።» እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያዋ ኤም ላይ ይቆማል፣ ቃሉን አይነካውም! [እየጻፍኩ] ወይ ጉድ፣ ይሄን ያህል ቀላል ሆኖ ነው እኔ ቅንድብ ስላጭ የዋልኩት?

አማቼ፦ ማሽኑ ኩርፊያው ለቀቀው መሰለኝ። እንደገና «ማን ነህ» ይላል።

እኔ፦ አስነሳሁት። አትተንፍስ።

[ሁለታችንም አንተነፍስም።]

አማቼ፦ [ትንፋሹን ይዞ] ጠየቀ... መለሰ። ጠየቀ... መለሰ። አዲሱን ጠየቀ... መለሰ። እርግጠኛ ነህ አለ... «አዎ» አለ! ጋሼ፣ አዎ አለ! «ተቀይሯል» ይላል! ሌላኛው ሳጥን ጋ ሄደ!

እኔ፦ ሄደ! በራሱ ሄደ! ያዝ ጃኬቴን!

አማቼ፦ አዲሱንስ ፓስወርድ ማን መረጠው?

እኔ፦ ሩጥ!

[መኪናው ውስጥ። እሱ ይነዳል፤ እኔ አስተምራለሁ። ደረጃውን የወረድኩት ከሽንፈት ለጥቂት ያመለጠ ሰው ሆኜ ነው፤ የመኪናው በር ሲዘጋ ግን ፕሮፌሰር ሆኛለሁ።]

እኔ፦ የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ምን መሰለህ? ላይ ላዩን አለማየት።

አማቼ፦ ጋሼ፣ ቅድም እህቴ ስትደውል ስለ ቀለሙ...

እኔ፦ ተው አታቋርጠኝ፣ ሐሳቤ ይጠፋል። ጀማሪ ሰው ቀለም ያደናግረዋል። አዋቂ ሰው ግን ቀለሙን ገፎ ውስጡን ነው የሚያየው።

አማቼ፦ እሱንማ እኔም...

እኔ፦ አንተ ለምሳሌ ስክሪኑ ላይ ቀይ ስታይ «ደመቀ» አልክ። እኔ ምን አየሁ? ከቀዩ በታች ያለውን አየሁ። ይህ ስጦታ ነው። በትምህርት ብቻ አይገኝም።

አማቼ፦ ልትሰማኝ ነው ወይስ ልንዳ?

እኔ፦ ንዳ።

አማቼ፦ እሺ፣ እነዳለሁ።

[የትምህርት ቤቱ አዳራሽ። መብራቱ ጠፍቷል፣ መድረኩ ብቻ በርቷል። ሚስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ልጆች ታለብሳለች፤ እኛ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ከቆሙት ወላጆች መሃል ተሸጉጠናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሹክሹክታ ነው፤ ማለትም እሱ ያንሾካሹካል፣ እኔ ያንሾካሾክኩ ይመስለኛል።]

እኔ፦ ደረስን! አልወጣችም አይደል? ተመስገን! ላቤን ልጥረግ። እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ትደነግጣለች።

አማቼ፦ ጋሼ፣ አሁን እንኳ አንድ ጊዜ ስማኝ...

እኔ፦ እሽሽ! ይኸው ጨረቃ ወጣች! ነጭ ቀሚስ! ሁለት ጉንጉን! ልጄ! [ሁለት እጄን አንስቼ አወዛውዛለሁ] ሚጣዬ! እዚህ ነኝ!

አማቼ፦ እጅህን አውርድ!

እኔ፦ ውል ነው ያለብኝ! ለምን አታየኝም? ትከሻዋ ግን ሰፋ ብሏል። ይሄን ሰሞን ጥሩ በልታለች ማለት ነው።

አማቼ፦ ያቺ ሚጣ አይደለችም። የሰው ልጅ ናት፣ አስፈራራሃት። ይኸው አፈግፍጋ ከወረቀት የተሠራው ኮከብ ጀርባ ገባች።

እኔ፦ [አተኩሬ] እውነትም አይደለችም። ታዲያ የኔዋ የት አለች?

አማቼ፦ እሱን ነው እኮ ከቅድም ጀምሮ...

እኔ፦ ገና ይሆናላ። ሁለት ጨረቃ ሊኖር ይችላል። ዝም ብለን እንጠብቅ። ነጭ ቀሚስ፣ ሁለት ጉንጉን። እስክትወጣ ዓይኔን አልነቅልም።

[መድረኩ ላይ ፊቷ፣ እጇ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ አረንጓዴ የተቀባች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት እየዘለለች ትወጣለች። መሃል ላይ ትቆማለች። አዳራሹን ታያለች። ዝም።]

እኔ፦ ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?

አማቼ፦ ጋሼ፣ እጅህን አንሳ።

እኔ፦ ቅድም አውርድ አልከኝ፣ አሁን አንሳ ትለኛለህ! ለማን?

አማቼ፦ አንሳ ዝም ብለህ!

እኔ፦ ተው፣ ሌላም ልጅ እንዳላስፈራራ። [ወደ መድረኩ እያየሁ] ልብ አድርገህ እያት እስቲ። ቃሏ ጠፍቷት እኮ ነው። ወዲያ ታያለች፣ ወዲህ ታያለች። ሰው ትፈልጋለች።

አማቼ፦ አዎ፣ ትፈልጋለች።

እኔ፦ አገጯ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልታለቅስ ነው። አንጀቴን በላችው። የማን ልጅ ናት? ወላጅ የላትም?

አማቼ፦ አላት።

እኔ፦ ታዲያ የት ሄደው ነው? ልጅን መድረክ ላይ ገትሮ የት ይኬዳል? እናቷስ እሺ፣ ሥራ ይኖራት ይሆናል። አባቷስ? እንዲህ ያለውን አባት ነበር ከዚህ አዳራሽ አንገቱን ይዞ ማስወጣት!

አማቼ፦ እዚሁ ነው ያለው።

እኔ፦ እዚሁ ሆኖ ነው ዝም የሚላት? አሳየኝ እስቲ!

አማቼ፦ አጠገቤ ነው የቆመው።

እኔ፦ [አንገቴን አስግጌ] የቱ? ያ ባለ ኮፍያው? ፊቱም ያስታውቃል!

አማቼ፦ እሱ በግራዬ ነው። በቀኜ ያለው።

[በቀኙ ያለሁት እኔ ነኝ። ከኔ ወዲያ ግድግዳ ነው። ግድግዳውን አየሁት። ከዚያ እንቁራሪቷን አየኋት። እንቁራሪቷ አውራ ጣቷን በልብሷ ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ልጄ ስትፈራ እንደምታደርገው።]

እኔ፦ ...ሚጣ?

አማቼ፦ እንቁራሪት የምትሆነዋ ልጅ አሟት ቀርታ ነው እሷን የቀቧት። ይሄን ልነግርህ በስልክ ሞከርኩ፣ በመኪና ሞከርኩ፣ እዚህ ሞከርኩ። አንተ ቁጥር ትቆጥርልኛለህ!

እኔ፦ ልጄ ናት! የገዛ ልጄ!

አማቼ፦ እኔማ ገና ብቅ ስትል በአዘላለሏ አወቅኳት። እጄን ባወዛውዝላት አየችኝና አለፈችኝ። እኔን አይደለም የምትፈልገው። አንሳዋ እጅህን!

[ወንበር ያለው ሰው ይቅር ይበለኝ፤ ወንበሩን ከስሩ ወሰድኩበት ማለት ይቻላል። እላዩ ላይ ወጥቼ ሁለት እጄን፣ ጃኬቴን፣ ያለኝን ሁሉ አወዛወዝኩ። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። እንቁራሪቷም አየችኝ። ከአረንጓዴው መሃል ጥርሷ ብልጭ አለ፤ ደረቷን ነፍታ «ጓደኞቼ ተነሱ፣ ዝናብ መጣ!» ስትል ድምፁ ኋላ ግድግዳው ድረስ ደረሰ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያ ባለ ኮፍያው ሁሉ አጨበጨበላት። ዓይኔን የማብስበት እጅ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ አለቀስኩ።]

አማቼ፦ ጋሼ።

እኔ፦ ምንድን ነው?

አማቼ፦ ሰውየው ወንበሩን ይፈልገዋል።

እኔ፦ ይታገሠኝ።

አማቼ፦ አሁን እኮ እጅህን ማውረድ ትችላለህ። ጨርሳ ከገባች ቆየች፣ መድረኩ ላይ ማንም የለም።

እኔ፦ ተወኝ፤ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችኝ ይሆናል።